የሚላጥ መዳብ፦ ስለ ኤሌክትሮታይፕ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ መጻሕፍት ሥዕሎች ስጽፍ "እነዚህ በኤሌክትሮታይፕ የታተሙ ናቸው" ብዬ በአንድ መስመር አልፌ ነበር። ማለፍ አልነበረብኝም መሰለኝ፤ የጥያቄ ጎርፍ ነው የመጣብኝ። አንዳንዱ ለመማር፣ አንዳንዱ ለመከራከር፣ አንዱ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለው ሳንቲም እውነተኛ ይሁን አይሁን ጨንቆት ጽፏል። የቻልኩትን ያህል እነሆ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ኤሌክትሮታይፕ ምንድን ነው? ፒያሳ ያሉት ወርቅ ሠሪዎች ብር ላይ ወርቅ የሚቀቡበት ዘዴ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው። ገንዳውም፣ ሽቦውም፣ ኤሌክትሪኩም ያው ነው። የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ነው። ወርቅ ቅብ ላይ የሚፈለገው ወርቁ ብሩ ላይ ሙጭጭ ብሎ እንዲቀር ነው። ከተላጠ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም እየተቆጣ። ኤሌክትሮታይፕ ላይ ግን ዋናው ጉዳይ መላጡ ነው። መዳቡ አንድ ቅርጽ ላይ ያድጋል፣ ሲወፍር ይላጣል፣ የተላጠው ቆዳ ነው ዕቃው።

እንጀራን አስቡ። ሊጡ ምጣዱ ላይ ይፈሳል፣ ይበስላል፣ ይነሳል። ምጣዱ ላይ ጭረት ካለ፣ እንጀራውን ገልብጣችሁ ስታዩት ጭረቱ ጀርባው ላይ አለ። ኤሌክትሮታይፕ ይህንኑ በመዳብ ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮፐር ሰልፌት፣ ያ ሰማያዊ የላብራቶሪ ጨው ማለት ነው፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ትንሽ ሰልፈሪክ አሲድም ይጨመርበታል። የመዳብ ሰሌዳ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ይታሰራል፣ ኮፒ የሚወጣበት ሞልድ ደግሞ ከነጌቲቩ ጋር። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ከሰሌዳው መዳብ እየሟሟ ወደ ውሃው ይገባል፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ከውሃው እየወጣ ሞልዱ ላይ ይቀመጣል። አቶም በአቶም ስለሚቀመጥ ዓይን የማያየውን ጭረት ሳይቀር ይሞላዋል። ቀልጦ የሚፈስ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ አንዳንዴም አየር ይይዝና ይቦረቦራል። ይሄኛው ግን እሳት አያውቅም፣ ስለዚህ የቀልጦ ፈሳሹ ዓይነት መኮማተር የለበትም። የጣት አሻራ እንኳ ሞልዱ ላይ ካረፈ መዳቡ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ እንዲያውም አግኝቼዋለሁ፣ የራሴን፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ይህን የፈጠሩት እንግሊዞች ናቸው ይላል። እኔ ሩሲያ ውስጥ ነው የተጀመረው እላለሁ። ምሳ ተወራርደናል፣ ፍረድ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ምሳውን አንተ ትበላለህ፤ ሻዩን ግን አንተ ጋብዘው፣ እሱም ባዶ እጁን አይደለም።

ሰውየው ሞሪትዝ ሄርማን ያኮቢ ይባላል። በ1801 ጀርመን ፖትስዳም ተወለደ፣ ሥራውን የሠራው ግን ሴንት ፒተርስበርግ ነው፤ ሩሲያዎች ቦሪስ ብለው ነው የሚጠሩት። በ1838 ጥቅምት ላይ ለከተማው የሳይንስ አካዳሚ ግኝቱን አሳወቀ። ጋልቫኖፕላስቲክ አለው። በዚያው ዓመት ኔቫ ወንዝ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ጀልባ ሰው ጭኖ ነድቷል፤ እንደዚህ ያለ ሰው ነበር። በ1840 ለጋልቫኖፕላስቲክ ሥራው የዴሚዶቭን ሽልማት ተቀበለ።

አሁን የጓደኛህ ድርሻ። በ1839 ቶማስ ስፔንሰር የሚባል የሊቨርፑል ሰውና ሲ. ጄ. ጆርዳን የሚባል የለንደን አታሚ፣ እያንዳንዳቸው በፊናቸው፣ ተመሳሳይ ነገር ሠርተናል ብለው አሳተሙ። ከዚያ በኋላ "እኔ ነኝ የቀደምኩት" ክርክር ሆነ። ለሁሉም መንገድ የጠረገው ግን የዳንኤል ባትሪ ነው። ጆን ዳንኤል በ1836 ያወጣው ይህ ባትሪ ሲሠራ የመዳቡ ግድግዳ ላይ አዲስ መዳብ ይደርባል። ዋረን ደ ላ ሩ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በዚያው ዓመት የተደረበው መዳብ ተላጦ ሲታይ የግድግዳውን ጭረት ሁሉ ይዞ እንደሚወጣ አስተውሎ ጽፏል። አስተዋለ፣ ጻፈ፣ አለፈ። ማስተዋል አንድ ነገር ነው፣ "ይሄ ለምን ይጠቅማል?" ብሎ መጠየቅ ሌላ። ለዚህ ነው ምሳውን ለአንተ የፈረድኩት።

ጥያቄ፦ እኔ ድሮ ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። ፊደሉ ተለቅሞ ከተደረደረ በኋላ በቀጥታ ማተም ሲቻል ምን አስቸገራቸውና ነው መዳብ ውስጥ የገቡት? (ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይህን የሚጠይቁኝ እኔን ለመፈተን ይመስለኛል። እሺ፣ ልፈተን።

የማተሚያ ፊደል እርሳስ፣ አንቲሞኒና ቆርቆሮ ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ለስላሳ ነው። ብዙ ሺህ ወረቀት ሲያርፍበት ጠርዙ ይዶለዱማል። የእኛ ፊደል ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። የ"ቡ" ቅጥያ እንዴት ያለች ትንሽ ነገር እንደሆነች እርስዎ ያውቃሉ። እሷ ከተበላች "ቡና" "በና" ሆኖ ይወጣል፣ አንባቢው ደግሞ ፊደል ለቃሚውን ነው የሚሰድበው።

ሁለተኛው ችግር ፊደሉ መታሰሩ ነው። አንድ መጽሐፍ ነገ ድጋሚ ይታተማል ብለው ሦስት መቶ ገጽ ፊደል አስረው መደርደሪያ ላይ ካስቀመጡ፣ ለሌላ ሥራ የሚለቀም ፊደል ከየት ይመጣል? ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የሥዕሉ ነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጽሐፍና የመጽሔት ሥዕል የሚቀረጸው ጠንካራ እንጨት ላይ ነበር፣ አንድ ባለሙያ ቀናትና ሳምንታት እየፈጀበት። ያ እንጨት አንድ ነው። ማተሚያው ላይ ቢሰነጠቅ የዚያ ሁሉ ቀን ድካም አለቀ።

ስለዚህ ዋናውን ከማተሚያው ማራቅ ነው መፍትሔው። ኮፒው ይረገጥ፣ ዋናው ይቀመጥ። የኤሌክትሮታይፕ ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

ሥራው ሲሠራ ብናይ ኖሮ እንዲህ ነበር የምናየው። የተለቀመው ገጽ ወይም የተቀረጸው እንጨት ይጸዳል። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ የፈሰሰ ሰም ይዘጋጃል፣ የንብ ሰም ነው በብዛት፣ ለብ ያለ። ገጹ በኃይለኛ ፕሬስ ሰሙ ላይ ይጫናል። ሲነሳ ሰሙ ላይ ፊደሉ ሁሉ ጎድጉዶ ቀርቷል። ግን ሰም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም! ይህን የፈታው ሮበርት መሪ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ በ1840፦ የግራፋይት ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ መቀባት። ግራፋይት ማለት መጻፊያው እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ነው። (በነገራችን ላይ እኛ ሁለቱንም እርሳስ ስለምንል ግራ ያጋባል፤ መጻፊያ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፣ ካርበን ነው።) ሰሙ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ያኔ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ቸኩለው የሚሠሩት ደግሞ አንድ ዘዴ ነበራቸው። የተቀባው ሰም ላይ ኮፐር ሰልፌት ያፈሱና ደቃቅ የብረት ብናኝ ይነሰንሱበታል። ብረቱ መዳቡን ከውሃው ያስወጣዋል፣ በደቂቃ ውስጥ ሰሙ ላይ ስስ ቀይ ፊልም ይሆናል። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ሲገባ መዳቡ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማደግ ይጀምራል።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን በሒሳብ ማወቅ ይቻላል፣ እኔም እንዲህ ያለ ሒሳብ እወዳለሁ። 1 አምፒር ለ1 ሰዓት ሲያልፍ 1.19 ግራም ገደማ መዳብ ይቀመጣል። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ገጽ ላይ ሩብ ሚሊሜትር ውፍረት ለማግኘት 33 ግራም ተኩል ገደማ መዳብ ያስፈልጋል። በ3 አምፒር ከሄደ ወደ 9 ሰዓት ተኩል። ማታ ነክረህ ጠዋት ታወጣለህ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ይመጣ በነበረበት ዘመን ሌሊቱን ነበር የሚያድረው፤ በ1870ዎቹ ዲናሞ ሲመጣ ፈጠነ።

ጠዋት ላይ ፈላ ያለ ውሃ ሲፈስበት ሰሙ ይለቃል። እጅህ ላይ የሚቀረው የወረቀት ያህል የሳሳ፣ ብትነካው የሚታጠፍ፣ ግን እያንዳንዷ ፊደል ጉብ ብላ የምትታይበት የመዳብ ቅጠል ነው። በዚህ ማተም አይቻልም፣ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ጀርባው እንደ ስታኞ ባለ የቆርቆሮ ድብልቅ ይለበጣል፣ በላዩ ቀልጦ የተዘጋጀ እርሳስ ይፈስበታል፣ ሲቀዘቅዝ ጀርባው በማሽን ይላጋል፣ ጎበጥ ያለ ቦታ ካለ ባለሙያው በመዶሻ ቀስ እያለ ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ከፊደሉ ቁመት ጋር እኩል እንዲሆን እንጨት ላይ ይመታል። ክሊሼ፣ ማለትም የሚያትመው ሰሌዳ፣ ሆነ። ይህ ክሊሼ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ይችላል። ቢያልቅም ግድ የለም፣ ዋናው እንጨት ሳጥን ውስጥ ተኝቷል፣ ሌላ ይነከራል።

ምሳሌ አንድ ብቻ ልስጥዎት። ኒውዮርክ ውስጥ ጆሴፍ አሌግዛንደር አዳምስ የሚባል እንጨት ቀራጭ ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ ይህን ዘዴ ከጀመሩት አንዱ። የሃርፐር ማተሚያ ቤት ከ1843 እስከ 1846 በየክፍሉ ያወጣው ባለሥዕል መጽሐፍ ቅዱስ 1,600 ሥዕል ነበረው፣ ሥዕሎቹም የታተሙት ከኤሌክትሮታይፕ ነው። 1,600 የተቀረጸ እንጨት ማተሚያ ላይ ጭኖ መደብደብ የሚደፍር አታሚ እስቲ ያምጡልኝ።

ታዲያ ስቲሪዮታይፕ ምን አጠፋ ካሉኝ፣ ምንም። እሱ በጂብሰም ወይም በእርጥብ ወፍራም ወረቀት ሞልድ አውጥቶ እርሳስ ማፍሰስ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፣ ለዕለታዊ ጋዜጣ እሱ ነው የሚያዋጣው። ነገ ለሚጣል ወረቀት ዘጠኝ ሰዓት ማን ይጠብቃል? ጥሩ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ከሆነ ግን ወደ መዳቡ።

ጥያቄ፦ በዚህ ዘዴ የሰው ፊደል መስረቅ ይቻላል ሲባል ሰማሁ። (ከመቀሌ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ተደርጓልም። አንድ የፊደል ዓይነት ከመሥራቱ በፊት ባለሙያው እያንዳንዷን ፊደል ብረት ላይ በእጁ ይቀርጻል፤ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ኤሌክትሮታይፕ ሲመጣ ግን አንድ ጥቅል ፊደል ከገበያ ገዝቶ፣ ፊደሎቹን ገንዳ ውስጥ ነክሮ፣ በዙሪያቸው መዳብ አሳድጎ፣ ያንን መዳብ የራስን ፊደል ማፍሰሻ ሞልድ ማድረግ ተቻለ። ፊደል ቀራጮቹ ተናደዱ፣ ቢናደዱም አይፈረድባቸውም። እርግጥ ዘዴውን በራሳቸው ፊደል ላይ በሐቅ የተጠቀሙበትም ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው የአክሱም ሳንቲም ነው ብሎ ሸጠልኝ። ወርቅ ይመስላል። ጠርዙን ዞሬ ሳየው ግን ቀጭን መስመር አለው። ምንድን ነው? (ከሪያድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ መስመር ጥሩ ምልክት አይደለም።

የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ ማለት ነው፣ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ድብልቅ ሳንቲም ያወጡ ነበር። አንዳንዱ የብርና የነሐስ ሳንቲማቸው ላይ የንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ተለብጦበታል፣ በጣም የሚያምር ነገር ነው። ግን እነዚያ ሳንቲሞች የሚሠሩት አንድ ወጥ ቁራጭ በሁለት ማኅተም መሐል ተደርጎ ሲመታ ነው። ወጥ ነገር ጠርዙ ላይ መገጣጠሚያ የለውም።

ኤሌክትሮታይፕ ሳንቲም ግን ሁለት ቅርፊት ነው። የፊቱ ለብቻው ያድጋል፣ የጀርባው ለብቻው፣ መሐላቸው በእርሳስ ይሞላና ይጣበቃሉ፣ ላዩ ወርቅ ይቀባል። መስመሯ የሁለቱ መገናኛ ነች። እንደዚህ የሚሠሩት ሁልጊዜ ለማጭበርበር እንዳይመስልህ። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ሮበርት ሬዲ የሚባል ባለሙያ ለትምህርት ቤቶችና ለሰብሳቢዎች የጥንት ሳንቲሞችን ኮፒ በብዛት ሠርቷል፣ ጠርዙ ላይም የስሙን የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ሁለት "አር"፣ ይመታበት ነበር። ዛሬ እነዚያ ኮፒዎች ራሳቸው ሰብሳቢ አላቸው። ኮፒ ነኝ ብሎ የሚናገር ኮፒ ነውር የለበትም።

መስመር ስላየህ ብቻ ግን ኤሌክትሮታይፕ ነው ብለህ አትደምድም፤ በማፍሰስ የተሠራ ሐሰተኛም መስመር አለው። በአጉሊ መነጽር እየው። በማፍሰስ የተሠራው ላዩ ደቃቅ ጉድጓዶች አሉት፣ ፊደሉም ደብዘዝ ይላል። ኤሌክትሮታይፕ ግን ከዋናው ጋር ዝርዝሩ አንድ ነው፣ ይህ ነው አደገኛ የሚያደርገው። እንግዲህ የሚያጋልጠው ሚዛን ነው። ወርቅ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 19 ግራም ከምናምን ይመዝናል፣ መዳብ 9 ገደማ፣ እርሳስ 11 ገደማ። ስለዚህ በመጠን እኩል ሆኖ በክብደት ግማሽ አካባቢ ከሆነ ወርቅ አይደለም። ወርቅ ሠሪ ጋ ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ካለ በአምስት ደቂቃ ይለያል። እንጨት ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርገውም ስማው፤ በእርሳስ የተሞላ ነገር "ዱብ" ይላል እንጂ አይጮህም።

እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቅርስ ነው፣ ሕግ አለው፣ እንዴት ከአገር ወጣ ይባላል። ከሁለቱ የትኛው ቢሆን እንደሚሻልህ እኔም ግራ ገባኝ።

ጥያቄ፦ ለንደን ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ሄጄ አንድ ግዙፍ የብር ዕቃ ፊት ቆሜ ስደነቅ ቆየሁ፣ በኋላ ጽሑፉን ሳነብ "ኤሌክትሮታይፕ" ይላል። ተታለልኩ? (ከለንደን)

መልስ፦ አልተታለልሽም፣ እህቴ፤ ጽሑፉን ለጥፈውልሻል እኮ! ግምቴ የጀርኒንግሃም ወይን ማቀዝቀዣ ነው። ገላ መታጠቢያ የሚያክለው፣ ነብር የሚመስሉ አውሬዎች የተጋደሙበት? ዋናው በ1730ዎቹ እዚያው ለንደን ውስጥ በብር ተሠርቶ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ነው ያለው። አንቺ ያየሽው በ1884 ኤልኪንግተን የሚባለው የበርሚንግሃም ድርጅት የሠራው ኮፒ ነው።

ያኔ አውሮፕላን የለ፣ ቀለም ፎቶ የለ። አንድ የበርሚንግሃም ብር ሠሪ ሩሲያ ያለ ዕቃ አይቶ መማር ቢፈልግ ምን ያድርግ? የሙዚየሙ መሪ ሄንሪ ኮል መልሱ ኮፒ ነው አለ። በ1867 በፓሪሱ ኤግዚቢሽን ላይ 15 የአውሮፓ መሳፍንትን አስፈርሞ፣ አገሮች የጥበብ ሥራዎቻቸውን ኮፒ እንዲለዋወጡ ስምምነት አስደረገ። የኤልኪንግተን ሠራተኞች ወደ ሩሲያ ሄደው ከነገሥታቱ ግምጃ ቤት ሞልድ አወጡ። ይህን ሐሳብ እኔ እወደዋለሁ። የሌላውን ዕቃ ጭኖ ከመውሰድ ሞልድ አውጥቶ ዕቃውን በቦታው መተው ይሻላል። መቅደላን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ያውም ስምምነቱ ከተፈረመ በሚቀጥለው ዓመት ነው መቅደላ የተዘረፈችው፣ የተወሰደው ዘውድም እዚያው አንቺ የሄድሽበት ሙዚየም ገባ።

ሐውልትም በዚህ ይሠራል። የሴንት ፒተርስበርግ ቅዱስ ይስሐቅ ካቴድራል ጣሪያ ላይ የቆሙት መላእክት በያኮቢ ዘዴ የተሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ ከሚፈሰው ነሐስ በጣም ይቀላሉ፣ ጣሪያውም ይተርፋል። ፍራንክፈርት የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ በ1858 የቆመውን የጉተንበርግ ሐውልት እይው። የኅትመት አባት የሚባለው ሰውዬ ራሱ ኤሌክትሮታይፕ ሆኖ ቆሟል።

ጥያቄ፦ የጥንት ሰዎች ባግዳድ ውስጥ ባትሪ ሠርተው ወርቅ ይቀቡ ነበር የሚባለው እውነት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይመስልም። በ1930ዎቹ ባግዳድ አጠገብ የመዳብ ቱቦና የብረት ዘንግ ያለበት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ተገኘ፣ አንድ ጀርመናዊ "ባትሪ ይሆን?" አለ፣ ኢንተርኔት የቀረውን ጨረሰው። ሽቦ አልተገኘም። የዚያ ዘመን ወርቅ ቅብ ዕቃዎች ሲመረመሩ ደግሞ የሚገኘው ሜርኩሪ ነው፦ ወርቅን በሜርኩሪ ለውሶ ቀብቶ በእሳት ማትነን። ሜርኩሪው ሠሪውን ይመርዘዋል እንጂ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለሳይንስ ቀን ይህን ቤት ውስጥ መሥራት እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ግን ከመምህርሽ ጋር፣ ወጥ ቤት ውስጥም አይደለም። ኮፐር ሰልፌት መርዝ ነው፤ የነካው ዕቃ ዳግመኛ ምግብ አይነካም። ሲያልቅ ወደ ጣና እንዳትደፊው፣ ዓሣ ይገድላል። ለመምህርሽ መልሺለት። ጓንትና መነጽርም ይኑርሽ። አሲዱን እንዲያውም ተይው፣ ለትንሽ ነገር ያለሱም ይሠራል።

ትልቅ አዝራር ፈልጊ፣ አበባ ወይም ጽሑፍ ያለበት። (የገንዘብ ሳንቲም ይቅር፣ ነገር እንዳያመጣብሽ።) የንብ ሰም ለብ አድርገሽ አዝራሩን ጫኚበት። አዝራሩን መጀመሪያ ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጊው፣ አለዚያ ይጣበቃል። ሰሙ ላይ የቀረውን ጉድጓድ በግራፋይት ዱቄት ቀቢው፤ ለስላሳ እርሳስ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገሽ ማግኘት ትችያለሽ። ቀጭን ሽቦ ጠርዙ ላይ ግራፋይቱን በደንብ እንዲነካ አድርገሽ ቅበሪ። ይህ ከነጌቲቭ ጋር። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የወጣ ወፍራም መዳብ ከፖዘቲቭ ጋር። አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ 1.5 ቮልት፣ ይበቃል።

መጀመሪያ ምንም የማይሆን ይመስልሻል። ከዚያ ሽቦው ግራፋይቱን በነካበት ቦታ ላይ ሮዝ ነጥብ ታያለሽ። ነጥቧ ቀስ እያለች ትሰፋለች፣ ልክ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ሻይ። ዳር እስክትደርስ ታገሺ፣ ከዚያ ቢያንስ ሌሊቱን ይደር።

እኔ መጀመሪያ ስሞክር ምን እንዳጠፋሁ ልንገርሽ። አልታገስኩም። የመኪና ባትሪ አገናኘሁ። መዳቡ ወዲያው መጣ፣ ደስ አለኝ፣ ግን የመጣው ጥቁር፣ ሻካራ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነው፣ ስነካው ተፈረፈረ። ኤሌክትሪኩ ሲበዛ አቶሞቹ ተደርድረው ለመቀመጥ ጊዜ አያገኙም። በሁለተኛው ሙከራ አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ሌሊት። ወጣ! አበባው ቁጭ ብሏል፣ ከአበባው ጎን ደግሞ ጉልህ ሆኖ የአውራ ጣቴ አሻራ፤ ሰሙን ስይዝ አርፎበት ኖሯል። እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

እና ለመምህርሽ የምትነግሪው ነገር ከፈለግሽ፦ የእኛ መስቀል ሠሪዎች ቅርጹን በሰም ሠርተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው አስወጥተው ብረት ያፈሱበታል፤ "ሰምና ወርቅ" የተባለው ቅኔም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እዚያ ወርቁ እንዲገባ ሰሙ መጥፋት አለበት። እዚህ ግን ሰሙ እስከ መጨረሻው እንዳለ ነው፣ መዳቡ ነው መጥቶ የሚቀመጥበት።

ጥያቄ፦ ዛሬ ይህ ሥራ አለ ወይስ ሞቷል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ከማተሚያ ቤት ወጥቷል፣ ኦፍሴት የሚባለው የኅትመት ዘዴ ሲመጣ ክሊሼ ሁሉ አብሮ ወጣ። ሌላ ቦታ ግን አለ። ቤትህ የድሮ ሸክላ ካለ፣ እነዚያ 45 ዙር የሚባሉት፣ አውጣቸው። ዘፈኑ መጀመሪያ የተቆረጠው ላከር የሚባል ለስላሳ ቅብ ላይ ነው። ላከሩ ብር ይለበጣል፣ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ኒኬል ያድግበታል፣ ይላጣል። ከዚያ ኒኬል ሌላ ኒኬል ይላጣል፣ ከሱ ደግሞ ሦስተኛ። ሸክላውን የሚጨፈልቀው ሦስተኛው ነው። ሲዲም እንዲሁ ነው የሚሠራው፣ የባንክ ካርድህ ላይ የሚያብለጨልጨው ሆሎግራምም። መዳቡ ኒኬል ሆነ እንጂ የያኮቢ ገንዳ ያው ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ማተሚያ ቤት ነበረው። ዕቃውን ስናጸዳ እንጨት ላይ የተመታ፣ ላዩ ቀይ የሆነ ሥዕል አገኘሁ። ኤሌክትሮታይፕ ነው? ልወልውለው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ጠርዙን እይ። ቀዩ ከላይ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ከሥሩ ግራጫ ብረት ካለ ኤሌክትሮታይፕ ነው። ከላይ እስከ እንጨቱ አንድ ወጥ መዳብ ከሆነ በአሲድ የተቀረጸ ክሊሼ ነው፤ ነጣ ያለ ወጥ ብረት ከሆነ ደግሞ ዚንክ። በአሸዋ ወረቀት ወይም በብረት ሱፍ እንዳትነካው፣ ያችኑ ሩብ ሚሊሜትር ነው የምትፍቀው። ደረቅ ቀለም ካለበት በጨርቅና በትንሽ ነጭ ጋዝ ቀስ ብለህ። ግራጫው እርሳስ ስለሆነ እጅህን ሳትታጠብ እንዳትበላ፣ ልጆችም አይጫወቱበት። ከዚያ በስልክህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ግራ ቀኙ ተገልብጦ የተጻፈ ነገር ካለበት በመስታወት አይቼ ምን እንደሚል እነግርሃለሁ።